ዘመዶቼ ናቸው ብሎ የወጣው ተመራጭ

አንድ ሰው ነበር። በአንድ የክልል ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ ከተዘጋ በር ውጭ፣ መተላለፊያው ላይ ብቻውን ቆሟል። ዕድሜው ስድሳን አልፏል፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ነው። ከበሩ ወዲያ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲናፍቀው የኖረው ነገር እየተወሰነ ነው። እሱ የዚያ ስብሰባ አባል ነው፤ ወንበር አለው፤ ድምፅ አለው። ግን ውጭ ቆሟል።

ማን አስወጣው? ማንም አላስወጣውም። ማን ከለከለው? ማንም አልከለከለውም። ራሱ ፈቃድ ጠይቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

ወዳጆቼ፣ አንድ ሰው የሚናፍቀውን ነገር ትቶ በገዛ እግሩ ለምን ይወጣል? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ አለብን። አብራችሁኝ ተመለሱ።

ይህ ሰው የባንክ ሰው ነበር። የባንክ ሰዎችን ታውቋቸዋላችሁ፤ ሊያስነጥሳቸው ሲል እንኳ ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስላሉ። በሃያ አራት ዓመቱ ከመስኮት ኋላ ተቀመጠ፤ ከሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ጡረታ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ባንኩ በዘጠኝ ከተሞች አዘዋወረው። ቆላ ላከው፤ ደጋ ላከው፤ ጠረፍ ላከው። ቁም ሣጥኑ በጭነት መኪና ላይ ከመንገላታቱ ብዛት አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ የቆመ ነበር። በደረሰበት ሁሉ አከበሩት፤ በደረሰበት ሁሉ ግን እንግዳ ነበር። የሠርግ ጥሪ በወርቃማ ፖስታ ይደርሰዋል። ሰው ሲሞት ግን «ሩጡና እሱን ጥሩት» የሚል አልነበረም።

ይህን እንግድነት ሥራው ይፈልገው ነበርና አላማረረም። በባንክ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። ብድር የሚያጸድቀው ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳለ የአንዱ አባል ዘመድ ማመልከቻ ከቀረበ፣ ያ አባል ብዕሩን ከድኖ ይነሣል፤ «ዝምድና አለኝና ልውጣ» ብሎ ይወጣል። በቃለ ጉባኤውም እንዲሁ ይጻፋል። መልካም ሥርዓት አይደለምን? እጅግ መልካም ነው! ሰውየውም ይህን ሥርዓት እንደ ጾም ያከብረው ነበር። አንድ ጊዜ የአጎቱ ልጅ ለወፍጮ ቤት ብድር ጠይቆ በሩቅ ቅርንጫፍ ፋይሉ እጁ ገባ። ወጣ። ብድሩ ተከለከለ። የአጎቱ ልጅ ሁለት ፋሲካ ሙሉ ሰላምታ ነሣው። እሱ ግን የዚያን ቀን በመተላለፊያው ቆሞ የተሰማውን የንጽሕና ስሜት አልረሳውም። ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ በውስጡ ሥር ሰደደ፤ «እጅግ የምፈልገውን ነገር እኔ ራሴ መወሰን የለብኝም።»

ይህን ሐሳብ ያዙልኝ። ደግ ሐሳብ ይመስላል አይደል? እስቲ እናያለን።

የተወለደባት መንደር ቀጨሞ ትባላለች። ቀጨሞን ከዓለም የሚለያት አንድ ወንዝ ነው፤ ስሙ አጓት። በበጋ ልጆች ቁርጭምጭሚታቸውን እያራሱ ይሻገሩታል። ከሰኔ መገባደጃ እስከ መስከረም ግን ዛፍ እየነቀለ፣ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርድ የጭቃ ግድግዳ ይሆናል። ያኔ ከማዶ ያለ ማዶ ይቀራል፤ ከወዲህ ያለም ወዲህ። የታመመ ሐኪም ቤት አይደርስም። ለሠርግ የተቆረጠ ቀን ይፈርሳል። እና ሰው ሲሞት፣ ወዲህ ያለው ዘመድ ከወንዙ ዳር ይቆማል፤ ማዶ ያለው ከወንዙ ዳር ይቆማል፤ ማዶ ለማዶ ይላቀሳሉ። የዚያ አገር ልማድ ነው። ሌላ ምን ያድርጉ?

እሱም አንድ ነሐሴ እንዲህ አለቀሰ። እናቱ አርፈው ነበር። ከጠረፍ ከተማ ሁለት ቀን ተጉዞ ሲደርስ አጓት ሞልቷል። ከማዶ፣ ከኮረብታው ላይ የቀብሩ ሕዝብ ይታያል። ነጠላው ይታያል። ቃሬዛው ይታያል። ድምፅ ግን የለም፤ ውኃው ድምፅን ሁሉ ውጦታል። ነጠላ አልያዘምና ኮቱን ገልብጦ ለበሰ፤ ሐዘንተኛ መሆኑ ከማዶ ይታይለት ዘንድ። ከቀብሩ በኋላ ታላቅ እኅቱ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች። ስሟ ጥሩአየሁ ነው፤ እሱ ግን እታለም ነው የሚላት። እናታቸውን እስከ መጨረሻ ቀናቸው ያጎረሰችና ያጠበች እሷ ናት። ድምፅ ስለማይሰማ በእጇ ነገረችው። መዳፏን ከጉንጯ ሥር አድርጋ ራሷን ዘንበል አደረገች። በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት ማለቷ ነበር። ቀጥላም ያንኑ እጇን ከደረቷ ላይ አንሥታ ወደ እሱ ዘረጋች። ምን ማለቷ ነበር? ስምህን ጠርተዋል? ወይስ አንተን እየጠበቁ ነበር? ወንዙ ጎድሎ ሲገናኙ ሊጠይቃት ይችል ነበር፤ ግን መልሱን ፈራውና አልጠየቃትም። ያች የተዘረጋች እጅ ከዚያ ወዲያ በዞረባቸው ከተሞች ሁሉ አብራው ኖረች።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ በጥር ወር፣ ሦስት ሽማግሎች አጓትን ተሻግረው ከተማ ድረስ ሊያዩት መጡ። መሪያቸው ጋሽ ቸኮል ነበሩ፤ ምላሳቸው ከምላጭ የሰላ፣ ከእናቱ ጋር አብረው ያደጉ ሰው።

«ለክልሉ ምክር ቤት እንድትወዳደርልን መጥተናል» አሉት።

«ጋሽ ቸኮል፣ እኔ እኮ ፖለቲካ አላውቅም።»

«የሚያውቁትንማ ልከን አየናቸው።»

«ንግግርም አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ነው የኖርኩት።»

«ንግግር ማን ጠየቀህ? እዚያ ቤት ገብተህ ‹ወንዝ አለ› በልልን። ወንዝ ማለት ያቅትሃል?»

ሰውየው ሣቀ። ጋሽ ቸኮል ግን አልሣቁም። «ስማ ባዘዘው፤ ኮትህን ገልብጠህ ስትቆም እኔ ማዶ ነበርኩ። አይቼሃለሁ» አሉት።

ከዚያ በኋላ እንዴት እምቢ ይበል? ተወዳደረ፤ ተመረጠ። ዘጠኝ ከተማ ዞሮ ያላገኘውን ነገር በስድሳ አንድ ዓመቱ አገኘው፤ «ልጃችን ነው፤ እሱን ጥሩት» የሚል ሕዝብ።

ምክር ቤቱም ደስ አለው። የባንክ ሰው ነውና የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት። ዐሥራ አንድ አባላት ነበሩ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አስናቀች የረጉ፣ ሕግ አዋቂ ሴት ናቸው። ከጎኑ የሚቀመጠው መምህር ደርበው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ሰውን ሳያስቅ መዋል የማይችል ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ባዘዘው ለድምፅ ሲጠራ የሰነዱን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ የሚፈርምበት ቦታ ይፈልግ ነበር።

«ባዘዘው፣ እዚህ ቤት እኮ ማኅተም አይመታም» ይለዋል ደርበው፤ «እጅ ነው የሚወጣው። እጅህን ከኪስህ አውጣ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አጓት ሠራ። መሐንዲሶችን ለምኖ ወሰዳቸው። «ውኃው የት ድረስ ይደርሳል?» ብለው ሲጠይቁ እታለም ወደ አንድ ሾላ ወሰደቻቸው፤ በየነሐሴው የውኃውን ልክ በቢላዋ ስትቆርጥበት የኖረችበት ነው። መሐንዲሶቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ መዝገብ በቢሮአቸውም አልነበረም። ጥናቱ ተጻፈ፤ ወደ ኮሚቴው ቀረበ። እታለም ያን ዓመት ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጉልበቷ ከድቷታል። ሲሰናበታት እንዲህ አለችው፤ «አንድ ክረምት እንኳ መጥተህ ከቤቴ ብታድር፣ ሌላ አልጠይቅም። ባንክ ከገባህ ወዲህ ክረምትንና አንተን በቤቴ አብሬ አይቼ አላውቅም።»

ሰኔ ደረሰ። በጀት የሚጸድቅበት ወር ነው። ወይዘሮ አስናቀች ሰነዱን ገልጠው፣ «ሁለት ድልድይ ቀርቧል፤ በጀቱ ግን ለአንድ ነው» አሉ። «አንደኛው የሰኞ ገበያ ድልድይ፤ ሁለተኛው በአጓት ላይ፣ ቀጨሞ። ወደ ድምፅ እንሄዳለን።»

ባዘዘው ሰነዱ ላይ ‹ቀጨሞ› የሚለውን ስም በጣቱ ነካ። እንዴት አጥብቆ ፈለገው! እና ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ይህን ያህል መፈለጉ አስፈራው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ልማድ ከውስጡ ተነሣና ትከሻውን ያዘው። ብዕሩን ከደነ። ቆመ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ የቀጨሞ ጉዳይ እኅቴንና ዘመዶቼን በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ፣ ውሳኔ ሲሰጥ ከስብሰባው እንድወጣ ይፈቀድልኝ።»

ደርበው የኮቱን ጫፍ ጎተተ። «ተቀመጥ! ምን ሆነሃል አንተ?»

«ደንብ ነው።»

«የማን ደንብ?»

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ወይዘሮ አስናቀች ሊሉት የፈለጉት ነገር ነበር፤ ግን በሩ ቀድሞ ተዘጋ።

አሁን ያንን የመጀመሪያውን ሰው አወቃችሁት። በመተላለፊያው ቆሟል። ያ የድሮው የንጽሕና ስሜት እስኪመጣ ይጠብቃል። ይጠብቃል፤ አይመጣም። በመስኮቱ በኩል ከምሥራቅ የተቆለለ ጥቁር ደመና ይታያል፤ የሚዘንበው በቀጨሞ በኩል ነው።

በሩ ተከፈተ። የወጣው ደርበው ነው። የዚያን ቀን አልቀለደም።

«አምስት ለአምስት። እኩል ሲሆን ሰብሳቢዋ ያሉበት ወገን ነው የሚያልፈው፤ እሳቸው ደግሞ ለሰኞ ገበያ ነበር እጃቸውን ያወጡት። አንድ እጅ አጣን፣ ባዘዘው።»

«የማንን እጅ?»

«የማንን ትለኛለህ?»

በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተጻፈ፤ «አባሉ ዝምድና ስላላቸው ከስብሰባው የወጡ ሲሆን፣ ኮሚቴው ቅንነታቸውን አድንቋል።» ተደነቀ! ሰው ተደንቆ እንዴት እንደሚያለቅስ ታውቃላችሁ?

ለዘመዶቹ በሌላ ሰው አፍ አላስነገረም፤ ይህን እንመስክርለት። ያን ጊዜ ስልክ ማዶ አይሠራም ነበርና በሐምሌ መጀመሪያ ራሱ ወረደ። አጓት ሞልቷል። ወንዙ በሁለት ቋጥኞች መካከል የሚጠብብበት አንድ ስፍራ አለ፤ እዚያ ጮኾ የተናገረ ይሰማል። መምጣቱን ያዩ ወሬውን አደረሱ፤ ሕዝቡ ከማዶ ወረደ። እታለምም በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወረደች። ጋሽ ቸኮል ከጎኗ ናቸው።

«ባዘዘው! ተፈቀደ ወይ?» ብላ ጮኸች እታለም።

«አልተፈቀደም፣ እታለም!»

«ማን ከለከለ?»

ዐይኑን ከእሷ ወደ ውኃው መለሰ።

«ማን ከለከለ ነው የምልህ!»

«ድምፅ ሲሰጥ አልነበርኩም!»

«ታመህ ነበር?»

«አይደለም! ወጥቼ ነበር!»

«ማን አስወጣህ?»

«ራሴ! ዘመዶቼ ስለሆናችሁ ነው፣ እታለም! አድልዎ እንዳይሆን!»

ከማዶ ጋሽ ቸኮል እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ነገሯቸው። ሽማግሌው ወደ ወንዙ ጠርዝ ተጠጉና በዚያ በሰለለ ድምፃቸው ጮኹ፤ «እንዲያ ከሆነማ ምነው ባዕድ በሆንንልህ ኖሮ! ባዕድ ብንሆን ትቀመጥልን ነበር!»

ጥቂት ሰዎች ሣቁ፤ የመረረ ሣቅ። እታለም ግን አልሣቀችም። ከሴቶቹ እጅ ተላቅቃ ብቻዋን ቆመች። በሰባ ሁለት ዓመቷ ያን ያህል ድምፅ ከየት እንዳመጣች እንጃ።

«የላክንህ የእኛ ነገር ስለሚያምህ ነው! የማያመውማ ሞልቷል!»

ይህን ብላ ዞረች። ሴቶቹ ደገፏት። ዳገቱን ስትወጣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልተመለከተችም። ባዘዘው የነጭ ነጠላዋ ጫፍ ከቁጥቋጦው ኋላ እስኪሰወር ድረስ ቆመ፤ ከተሰወረም በኋላ ቆመ።

ወዳጆቼ፣ «ታዲያ አድልዎ ልታስተምሪን ነው?» የምትሉኝ አላችሁ። አይደለም! በባንክ የአጎቱ ልጅ ፋይል ሲመጣ መውጣቱ ትክክል ነበር፤ ነገም ቢሆን ይውጣ። እዚያ የተቀመጠው የሌላውን ሰው አደራ ሊጠብቅ ነው። እዚህ ግን የተላከው ለሌላ ነገር ነው። አንድ አፍ የሌለው መንደር አፍ እንዲሆን ነው የተላከው። ኋላ ወይዘሮ አስናቀች ቢሮአቸው ጠርተው ይህንኑ ነገሩት። «አቶ ባዘዘው፣ በግል የሚጠቀሙበት ነገር ካለ ይናገሩ፣ ይውጡም። የመረጠዎት ሕዝብ ግን የግል ጥቅምዎ አይደለም። ያን ዕለት ልነግርዎ ነበር፤ በሩን ዘጉብኝ።» ደርበው ደግሞ በራሱ መንገድ ነገረው፤ «ወንዝ ዳር ዘመድ ያለው ሁሉ ከወጣ፣ ስለ ወንዝ የምንወስነው ዋና እንኳ የማንችል እኛ ነን።»

አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ይዞ ኖረ። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ተሻግሮ ሄደ። እታለም አበላችው፣ አጠጣችው፣ አልጋዋን ለቀቀችለት፤ ስለ ድልድዩ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንደ ተከበረ እንግዳ ነበር ያስተናገደችው። እንደ እንግዳ! ከዚህ ይልቅ ብትሰድበው ምንኛ በወደደ!

ደግሞ ሰኔ መጣ። በዚህ ዓመት ከአጓት ጋር የቀረበው የአንድ መንገድ ጥገና ነበር። ወይዘሮ አስናቀች ሰነዱን ገልጠው እንደ ደንቡ፣ «በጉዳዩ ላይ ግንኙነቱን ማስመዝገብ የሚፈልግ አባል አለ?» ሲሉ ዐሥሩም ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

ባዘዘው ተነሣ። ደርበው በዚህ ጊዜ ኮቱን አልጎተተም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ።

«አለኝ» አለ ባዘዘው። «ዘመዶቼ ናቸው። እናቴ ከዚያ ወንዝ ማዶ ተቀብራለች፤ አፈር አላለበስኳትም። እኅቴ ማዶ ናት፤ አርጅታለች። ያን ድልድይ ምን ያህል እንደምፈልገው ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ። ከዚያም...» ድምፁ ተቆረጠ። ውኃ ጎንጨት አለ። «ከዚያም እዚሁ መቀመጤ ይጻፍልኝ።»

ተቀመጠ። ቀጥሎም ስለ አጓት ተናገረ። የሾላውን ቁርጦች ቆጠረላቸው። ንግግር አያውቅም ነበር፤ የሚናፍቀውን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ድምፅ ሲሰጥ ለአጓት ሰባት እጆች ወጡ። አንዱ የእሱ ነበር፤ ከሁሉም ዘግይቶ የወረደውም የእሱ ነበር ይባላል።

በዚያው ሳምንት ወደ ወንዙ ወረደ። ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ነበርና አጓት ሞልቷል። ማዶ ለማዶ ቆሙ። እታለም ከዐምናው ይበልጥ ከስታለች፤ ከድንጋይ ላይ አስቀምጠዋታል። «ተፈቀደ!» ብሎ ሊጮኽ አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ተቀምጠህ ነበር?»

«ተቀምጬ ነበር፣ እታለም!»

ራሷን ነቀነቀች። መፈቀዱን ገና አልሰማችም፤ ከዚያ በኋላ ነው የነገራት፤ እልልታው ከማዶ በውኃው ላይ አልፎ መጣ፤ ጋሽ ቸኮልም «እንግዲህ ዘመድ ሆነሃል፤ ድንኳን ስንተክል ካስማ ትይዛለህ!» ብለው ጮኹበት። ሕዝቡ ሲበተን ግን እሷ አልተነሣችም። እሱም ከወዲህ አንድ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ድልድዩ ገና በወረቀት ላይ ነው። ሊሠራ ሁለት በጋ ይፈልጋል፤ እሷ ሁለት በጋ ይኑራት አይኑራት የሚያውቅ የለም። የሚጮኽ ነገር አልቀረምና እንዲሁ ተያዩ። ዝናቡ መጣ። አልተነሡም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ከመካከላችሁ ብዕሩን ከድኖ የወጣ ማን ነው? «የቤተሰብ ጠብ ነው፤ እኔ ብገባ ያደላሁ ይመስላል» ብላችሁ ከወንድማችሁና ከእኅታችሁ መካከል የወጣችሁ አላችሁ። «የልጄ ጉዳይ ነው፤ ስሜቴ ያሳስተኛል» ብላችሁ ልጃችሁ ሲጠፋ በር ዘግታችሁ መተላለፊያ ላይ የቆማችሁ አላችሁ። ጨዋ ተባላችሁ። ተደነቃችሁም። ግን እጃችሁን የሚጠብቅ ሰው ነበረ፤ በአንድ እጅ ወደቀ።

ሌሎቻችሁም አላችሁ፤ ከጸሎት የወጣችሁ። አትደንግጡ፤ በየእሑዱ እዚህ ትመጣላችሁ። ስለ አገር ትጸልያላችሁ፤ ስለ ዓለም ሰላም ትጸልያላችሁ፤ ስለ ጎረቤታችሁ ታማሚ ትጸልያላችሁ። ያችን አንዷን ነገር ግን፣ ሌት ተቀን የምትናፍቋትን፣ ስሟን አትጠሯትም። ለምን? «ይህማ የራሴ ምኞት ነው። ይህን ያህል እየፈለግሁት እንዴት በአምላክ ፊት አነሣዋለሁ?» ትላላችሁ። ናፍቆታችሁን እንደ ጥፋት ቆጥራችሁ ከደጅ አቆማችሁት።

እስቲ አምላካችሁን ተመልከቱ። ስለ እኛ ነገር ሲቆረጥ «የእጄ ሥራ ናቸውና አልገባበትም» ብሏልን? «እወዳቸዋለሁና ሌላ ይፍረድላቸው» ብሎ ወጥቷልን? ገባ እንጂ! ሥጋችንን ለብሶ ገባ፤ በልቶ፣ ደክሞ፣ አልቅሶ ዘመዳችን ሆነ። የላከልን የማያመውን አይደለም። እንዲህ ያለው አምላክ እናንተን ስለ አንድ ሰው እንዲህ እንዲያማችሁ ካደረገ፣ ሕመሙ ጥሪ እንጂ መሰናበቻ ይመስላችኋል?

ዛሬ ማታ አንድ ስም አለ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ አላውቀውም። ዓመታት ያልደወላችሁለት ይሆናል። በጸሎት ለመጥራት ያፈራችሁት ይሆናል። ስሙን ጥሩት። ድምፃችሁ ቢቆረጥ ይቆረጥ፤ ያማረ ንግግር የሚጠብቅባችሁ የለም። «ዘመዴ ነው፤ እፈልገዋለሁ» በሉ።

ከዚያ በኋላ ግን አትነሡ። ቁጭ በሉ።